ቄስ ጉዲና ቱምሳ፡ ለጄኔቭም ለደርግም “እሺ” ያላሉት ዋና ጸሐፊ

የቄስ ጉዲና ቱምሳ ስም ሲነሳ ጨዋታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአሟሟታቸው ነው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ መታፈናቸውን፣ አስከሬናቸውም ለ13 ዓመታት ያህል ሳይገኝ መቆየቱን ያልሰማ የፕሮቴስታንት ምእመን ጥቂት ነው። ከዚያ በፊት ምን እንደሠሩ ግን ከቤተ ክርስቲያናቸው አጥር ውጭ እምብዛም አይታወቅም። ደርግ ለምን እንደፈራቸው ለመረዳት ደግሞ ሥራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጉዲና የተወለዱት በ1921 ዓ.ም. በወለጋ፣ ቦጂ በተባለው አካባቢ ነው። ነቀምት በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው በከተማዋ ሆስፒታል በቀዶ ጥገና ረዳትነት ሠርተዋል። እጅ ሙያ የያዘ ወጣት በዚያ ዘመን ጥሩ ኑሮ ይጠብቀው ነበር። እሳቸው ግን ወደ ወንጌል አገልግሎት አዘነበሉና እ.ኤ.አ. በ1958 ቅስና ተቀበሉ። ጥር 1951 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ከሚሲዮኖች እጅ ወጥታ ራሷን የቻለች አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ሆና ተመሠረተች። ቄስ ጉዲና እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ሉተር ሴሚናሪ ተምረው እንደተመለሱ የዚህችው ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ፕሬዚዳንቱ በንጉሡ መንግሥት ሚኒስትር የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም ነበሩ።

አዲሱ ዋና ጸሐፊ ቢሮ ሲገቡ የጠበቃቸው ችግር እንግዳ ዓይነት ነበር። ምእመኑ በፍጥነት እየበዛ ነው። ቄስ የለም፣ ወንጌላዊ የለም፣ የማሰልጠኛ ገንዘብም የለም። የአውሮፓ ለጋሾች በበኩላቸው ገንዘብ አላቸው፤ የሚሰጡት ግን ለልማት ፕሮጀክት ብቻ ነው። ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለውኃ ጉድጓድ ሲሆን “እሺ”፤ ለሰባኪ ሥልጠና ወይም ለጸሎት ቤት ሲሆን “መመሪያችን አይፈቅድም”። ዛሬ በበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የሚሠራ አንባቢ ይህችን መልስ ሳያውቃት አይቀርም።

ግንቦት 1964 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ መሪዎች ጄኔቭ ለሚገኘው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በስብከተ ወንጌልና በሰው ልጅ ልማት መካከል ስላለው ግንኙነት ረዘም ያለ ደብዳቤ ጻፉ። ከጽሑፉ ጀርባ ዋናው ሰው ቄስ ጉዲና እንደነበሩ ይታወቃል። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። ሰው ነፍስና ሥጋ ተብሎ በበጀት ርዕስ አይከፈልም፤ ሆዱን አጥግቦ መንፈሱን ባዶ የሚተው ዕርዳታ ልማት ሊባል አይችልም። የኢትዮጵያን ምእመን ፍላጎት የሚወስነውም የለጋሹ መሥፈርት መሆን የለበትም። ዕርዳታ ተቀባይ ለሰጪው እንዲህ ሲጽፍ በወቅቱ የተለመደ አልነበረም። ደብዳቤው በሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ትልቅ ክርክር አስነስቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ናይሮቢ ላይ በዚሁ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ምክክር ተደርጎበታል። መካነ ኢየሱሶች “ሁለንተናዊ አገልግሎት” የሚሉት አሠራር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ምክክሩ በተካሄደበት ዓመት ንጉሡ ወርደው ደርግ ሥልጣን ያዘ። ቄስ ጉዲና የለውጥ ጠላት አልነበሩም። የገባሩን ኑሮ ወለጋ ላይ እያዩ አድገዋልና ለማኅበራዊ ፍትሕ የሚጮኽ አብዮት በጅምሩ አላስከፋቸውም። ያልተቀበሉት ርዕዮተ ዓለም የሰውን ሙሉ ታማኝነት ሲጠይቅ ነው፤ ይህ የእግዚአብሔር ድርሻ ነው ባይ ነበሩ። በእኔ ግምት ለጄኔቭ የጻፉትና ለደርግ የመለሱት አንድ ነገር ነው፤ የቤተ ክርስቲያኒቱን ሥራ ሌላ አካል አይወስንላትም። አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው እንዲቆሙም የትብብር ምክር ቤት በማቋቋም ግንባር ቀደም ሆኑ፤ ይህም በመንግሥት ዘንድ በበጎ አልታየም።

ሌላም ጥርጣሬ ነበር። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነጻነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ነበሩ። ሆኖም የቄሱን ጉዳይ ወደ ወንድማማችነት ብቻ ማሳጠር የጻፉትን አለማንበብ ይመስለኛል።

በ1971 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ከአገር እንዲወጡ ወዳጆቻቸው መክረዋቸው ነበር፤ በስደት የሚያቆያቸው መንገድም ተመቻችቶ እንደነበር የሚያውቋቸው ይናገራሉ። መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ምሽት ከዑራኤል መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጸሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ የደኅንነት ሰዎች ያዟቸው። ወይዘሮ ጸሐይን ከተማ ዳር ጥለዋቸው ሄዱ። ቄስ ጉዲና በዚያው ሌሊት ተገደሉ።

ወይዘሮ ጸሐይ በተከታዩ ዓመት ታስረው ለ10 ዓመታት ገደማ በእስር ማቀዋል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና መሥሪያ ቤትም በ1974 ዓ.ም. ተወረሰ። ደርግ ከወደቀ በኋላ የቄስ ጉዲና አስከሬን አዲስ አበባ በቀድሞው የልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ተገኝቶ ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም. በክብር ተቀበረ። ባለቤታቸው እስከ 2007 ዓ.ም. በሕይወት ቆይተዋል። ያኔ ቄስና የማሰልጠኛ ገንዘብ ያጣችው ቤተ ክርስቲያንም ዛሬ ምእመኖቿ ከ10 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ትገልጻለች።