የማገገሚያው ቤት የት ይሁን?
የሱስ ሕክምና ከገጠር እርሻ ወደ ከተማ ዳር መንደር የመጣበት ታሪክ

የሱስ ማገገሚያ ቤት ለማቋቋም በታሰበ ቁጥር ከሐኪሙ፣ ከአልጋውና ከበጀቱ እኩል የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ቤቱ የት ይሁን የሚለው ነው። በአልኮልና በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የተያዙ ሰዎች መታከም የለባቸውም የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን ቤቱ ከራሱ አጥር አጠገብ ይሁን ሲባል እሺ የሚለው ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ የቦታው ነገር የማዘጋጃ ቤትና የሰፈር ነዋሪዎች ጉዳይ እንጂ የሐኪም ጉዳይ እንዳልሆነ ተደርጎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቦታው ምርጫ ራሱ የሕክምናው አካል መሆኑን ከታሪክ ማሳየት ነው። ለዚህም የዩናይትድ ስቴትስ ታሪክ ተመርጧል፤ እዚያ ክርክሩ በምርምርም በፍርድ ቤትም ተፈትኖ ውጤቱ ተመዝግቦ ይገኛልና። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማራቅ እንደ ሕክምና

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስካር የምግባር ጉድለት ብቻ ሳይሆን በሽታም ነው የሚሉ ሐኪሞች ተነሡ። ከእነርሱ አንዱ በሆኑት በዶክተር ጆሴፍ ኤድዋርድ ተርነር ጥረት በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በቢንግሃምተን፣ የመጠጥ ሱሰኞች ሆስፒታል ተሠርቶ በ1864 ሥራ ጀመረ። ሕንፃው ከሰስኩሃና ወንዝ በላይ በኮረብታ ላይ የቆመ ግዙፍ ሕንፃ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ታማሚው ከመጠጥ ቤቱና ከባልንጀሮቹ ቢርቅ፣ ንጹሕ አየርና ሥርዓት ያለው ኑሮ ቢያገኝ ይድናል የሚል ነበር። ሆኖም ተቋሙ ብዙ አልዘለቀም፤ በ1879 ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልነት ተለወጠ።

ይኸው ሐሳብ በ1935 በሰፊው ተመልሶ መጣ። የፌዴራሉ መንግሥት በኬንታኪ፣ ከሌክሲንግተን ከተማ ወጣ ብሎ፣ 1,000 ኤከር ገደማ በሚሆን መሬት ላይ «የናርኮቲክ እርሻ» በመባል የታወቀውን ተቋም ከፈተ። እስረኞችና በፈቃዳቸው የመጡ ታካሚዎች በአንድ ግቢ እየኖሩ ያርሱ፣ ከብት ያረቡ፣ በልዩ ልዩ ሙያም ይሠሩ ነበር። በ1938 ሁለተኛው ተቋም በቴክሳስ፣ በፎርት ዎርዝ ተከፈተ። የአገሪቱ የሱስ ሕክምና ለሠላሳ ዓመታት ያህል በዋነኛነት የቆመው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነበር።

ርቀቱ ለምን አልበቃም?

ሌክሲንግተን ለሱስ ሳይንስ ያበረከተው ከፍተኛ ነው። የታካሚዎቹ ዕጣ ግን የሚለካው ከግቢው ከወጡ በኋላ ነበር። በ1962 የታተመው የሀንትና የኦዶሮፍ ጥናት ከሌክሲንግተን ወጥተው ወደ ኒው ዮርክ ከተማ የተመለሱ 1,900 ያህል ሰዎችን ተከታትሎ ከ90 በመቶ የሚበልጡት ወደ ሱሳቸው መመለሳቸውን አሳየ፤ አብዛኞቹም የተመለሱት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነበር።

የዚህን ምክንያት የጠቆሙት በዚያው በሌክሲንግተን ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ኤብርሃም ዊክለር ናቸው። እርሳቸው ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንደጻፉት፣ ታካሚው ዕፁን ካቆመ ከወራት በኋላም ቢሆን ቀድሞ ይወስድበት ወደነበረው ሰፈር ሲመለስ ዐይኑ ያለቅሳል፣ ሆዱ ይታወካል፣ ጥማቱም ይቀሰቀሳል። ሰውነቱ ሱሱን ከመንገዱ፣ ከሰዎቹና ከሽታው ጋር አስተሳስሮ ተምሮታል። እርሻው ላይ ይህ ትምህርት አይቀሰቀስም፤ ነገር ግን አይጠፋም። ስለዚህ በእርሻው ላይ የታየው ጤንነት የእርሻው ጤንነት ነበር ማለት ይቻላል። ታማሚው ሊለማመደው የሚገባው ከሰው መራቅን ሳይሆን በሰው መካከል ሳይጠጡ መኖርን ነው። ይህ ልምምድ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል።

ወደ ሰው መካከል መመለስና የሲናኖን ትምህርት

በ1958 ቻርልስ ዴደሪች የተባለ ከመጠጥ ሱስ ያገገመ ሰው በካሊፎርኒያ ሲናኖን የተባለውን ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ በ1959 በሳንታ ሞኒካ የባሕር ዳርቻ ወደነበረ አንድ የቀድሞ የብሔራዊ ዘብ ሕንፃ ተዛወረ። የሰፈሩ ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ ከተማውም በመሬት አጠቃቀም ደንብ ከሰሰ፤ ዴደሪችም በ1961 ታሰረ። ጋዜጦችና ፖለቲከኞች በአብዛኛው ከማኅበሩ ጎን ቆሙ። ሄሮይን ያቆሙ ሰዎች ያለ ግድግዳና ያለ ዘብ በከተማ መካከል ሲኖሩ መታየታቸው በእርግጥም አዲስ ነገር ነበር።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሲናኖን ከጊዜ በኋላ በአንድ ሰው ፈቃድ የሚመራ፣ አባላቱን የሚደበድብ ዝግ ማኅበር ሆነ። በ1978 አባላቱ ማኅበሩን በከሰሰ አንድ ጠበቃ የፖስታ ሣጥን ውስጥ መርዘኛ እባብ አስገብተው ጠበቃው ተነደፈ። ማኅበሩ በ1991 ፈረሰ። ከዚህ የምንማረው የጎረቤት ሥጋት ሁሉ ከንቱ ጥላቻ አለመሆኑን ነው። ማንም የማይቆጣጠረው ቤት ለታካሚውም ለሰፈሩም አደጋ ሊሆን ይችላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ 1975

ለዛሬው አሠራር መሠረት የሆነው ቤት የተከፈተው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚያውቁት ስፍራ ነው። ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ዛሬ በርካታ የአገራችን ልጆች የሚኖሩባት የሜሪላንድ ከተማ ዳር መንደር ናት። በ1975 በዚያ የነበረ አንድ የመጠጥ ሱሰኞች ማገገሚያ ቤት በገንዘብ እጥረት ሊዘጋ ሆነ። ነዋሪዎቹ ወደ ጎዳና ከመውጣት ይልቅ ቤቱን በራሳቸው ስም ተከራይተው ማስተዳደር ጀመሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ፖል ሞሎይ ነበር። ቤቱን ኦክስፎርድ ሃውስ ብለው ሰየሙት።

ሕጎቹ ጥቂት ናቸው። ነዋሪዎቹ ኃላፊዎቻቸውን በድምፅ ይመርጣሉ፤ ኪራዩንና ወጪውን እኩል ይከፍላሉ፤ የጠጣ ወይም ዕፅ የወሰደ ይወጣል። የመቆያ ጊዜ አልተወሰነም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከቀድሞው ልማድ የተለየ ነበር፤ ቀኑ ሞልቷልና ውጣ የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ መጠጡ እንደሚመለስ መሥራቾቹ አይተው ነበርና። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠሩ ከ3,000 በላይ ቤቶች አሉ፤ አብዛኞቹም ተራ የመኖሪያ ቤቶች ናቸው።

የኤድመንድስ ክርክር

ቤቶቹ ሲበዙ ተቃውሞውም በዛ። በ1990 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ በኤድመንድስ ከተማ፣ ከ10 እስከ 12 ሰው የሚይዝ ኦክስፎርድ ሃውስ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ብቻ በተከለለ ሰፈር ተከፈተ። የከተማው ደንብ «ቤተሰብ» የሚለው በሥጋ፣ በማደጎ ወይም በጋብቻ የተዛመዱትን ስንትም ቢሆኑ፣ የማይዛመዱትን ግን እስከ አምስት ብቻ ነበር። ዘጠኝ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ይፈቀድለታል፤ ስድስት ያገገሙ ሰዎች ግን ይከለከላሉ ማለት ነው።

ነዋሪዎቹ የተመኩት በ1988 በተሻሻለው የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ ነበር። ሕጉ በመኖሪያ ጉዳይ አካል ጉዳተኞችን ከአድልዎ ይጠብቃል። ከሱስ ያገገመን ሰው ከእነዚሁ ይቆጥረዋል፤ በአሁኑ ጊዜ ሕገ ወጥ ዕፅ የሚወስደውን ግን አያካትትም። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በግንቦት ወር 1995፣ ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ በጻፉት ውሳኔ፣ በ6 ለ3 ድምፅ የከተማው ደንብ ከሕጉ ነፃ እንዳልሆነ ወሰነ። በምክንያቱም ደንቡ በአንድ ቤት ስንት ሰው ይኑር የሚለውን ሳይሆን ቤተሰብ ማን ነው የሚለውን የሚወስን ነው አለ። አድልዎ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለውን ግን ለሥር ፍርድ ቤት ተወው። ውሳኔው ጠባብ ይመስላል፤ ነገር ግን ለብዙ ቤቶች በር ከፈተ።

ጎረቤቱ ምን አገኘ?

ሕግ በር ይከፍታል እንጂ ሥጋትን አያስወግድም። ሥጋቱ መመርመር የነበረበት በጥናት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮናርድ ጄሰንና ባልደረቦቻቸው በኢሊኖይ ከማገገሚያ ማዕከል የወጡ 150 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን ወደ ኦክስፎርድ ሃውስ፣ ግማሾቹን ወደ ተለመደው ክትትል አሰማሩ። በ2006 በታተመው ውጤት ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሱስ የተመለሱት ከመጀመሪያው ምድብ 31.3 በመቶ፣ ከሁለተኛው 64.8 በመቶ ሆነው ተገኙ። ወደ እስር ቤት የገቡትም 3 በመቶና 9 በመቶ ነበሩ። በ2005 የታተመ የዚሁ ቡድን ጥናት ደግሞ ለቤቶቹ የቀረቡ ጎረቤቶች ከራቅ ካሉት ይልቅ ስለ ነዋሪዎቹ የተሻለ አመለካከት እንዳላቸው አመልክቷል። የፈራው ያላወቀው ነው ማለት ነው።

ይሁንና የተቃራኒው ማስረጃም ሊዘነጋ አይገባም። በ2010ሮቹ በደቡብ ፍሎሪዳ፣ በተለይም በዴልሬይ ቢች፣ ለትርፍ የተከፈቱ አንዳንድ ቤቶች ታካሚን በደላላ እየገዙ ኢንሹራንስ ያስከፍሉ ስለነበር ዐቃብያነ ሕግ ዘመቻ ከፍተውባቸዋል። የሲናኖን ጥፋት በሌላ መልክ ተደገመ። ያበላሸው ቦታው አልነበረም፤ የቁጥጥር ማነስ እንጂ።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

በአገራችን የመጠጥ ወይም የጫት ሱስ ያለበትን ሰው ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ጸበል ያርቀዋል፤ ጥቂት ሳምንታትም ደኅና ይሰነብታል። ሲመለስ የሚጠብቀው ግን ያው አረቄ ቤት፣ ያው የጫት መቃሚያ ነው። የዊክለር ምልከታ እዚህም ይሠራል። በሆስፒታል አልጋና በቀድሞው ሰፈር መካከል አንድ መሸጋገሪያ ቤት ያስፈልጋል፤ ያ ቤት ደግሞ ሥራ፣ ትራንስፖርትና ጤና ጣቢያ በሚገኝበት መኖሪያ ሰፈር ሲሆን ይጠቅማል።

እዚህ ላይ የሐኪሙ ድርሻ በሦስት ነገሮች ይታያል። አንደኛ፣ የሚገባውን ሰው መለየት ነው። አልኮል በድንገት ያቆመ ሰው በሚጥል ሕመምና በመቃዠት ሊሞት ስለሚችል የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሆስፒታል ናቸው፤ ወደ ሰፈሩ ቤት የሚገባው ይህን ያለፈ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ቤቱ በጤና ባለሙያ የሚጎበኝ፣ ሕጉ በጽሑፍ የታወቀ፣ ጎረቤት ቅሬታ ሲኖረው የሚያነጋግረው ሰው ያለው መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ሰፈሩ ከቤቱ መከፈት በፊት ሊነገረው ይገባል። ለዚህ እኛ አሜሪካውያኑ ያልነበራቸው መድረክ አለን፤ እርሱም እድር ነው። በእድሩ ስብሰባ ቀርቦ ያስረዳ፣ ከዚያም አባል ሆኖ መዋጮውን የሚከፍልና ለቅሶ የሚደርስ ቤት ባዕድ ሆኖ አይቀርም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ታማሚውን ማራቅም አንዱ የመደበቂያ መንገድ ነው። ስለዚህ የማገገሚያ ቤት ቦታ በሚመረጥበት ስብሰባ ላይ ሐኪሙ ተጋባዥ እንግዳ ሳይሆን አስረጂ ሆኖ ሊገኝ ይገባል፤ በዚያ የሚወሰነው የታካሚው የሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ነውና።