ስርገትና ርቀት፦ ከሕዋስ መጠን እስከ ሳንባ

አብዛኞቹ የአካላችን ሕዋሳት በዓይን የማይታዩ ደቃቆች መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ ሕዋስ ስፋት በየአቅጣጫው ሁለት እጥፍ ቢያድግ የውጭ ገጹ አራት እጥፍ፣ ይዘቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ቤተሰቡ ስምንት እጥፍ ሲበዛ ቀለብ የሚገባበት በር በአራት እጥፍ ብቻ ይሰፋል እንደ ማለት ነው።

ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1855 የስርገትን ሕግ በሒሳብ ቀመር አስቀመጡ። በሕጉ መሠረት ርቀት አሥር እጥፍ ሲጨምር የጉዞው ጊዜ መቶ እጥፍ ይረዝማል። አንድ ትንሽ ሞለኪዩል በውኃ ውስጥ 10 ማይክሮሜትር ለመስረግ ከአንድ ሰከንድ እጅግ ያነሰ ጊዜ ሲበቃው፣ 1 ሚሊሜትር ለመስረግ በርካታ ደቂቃዎች፣ 1 ሴንቲሜትር ለመስረግ ደግሞ ከግማሽ ቀን በላይ ይወስድበታል።

ይሁን እንጂ ስርገት ብቻውን ለሳንባ መብቃቱ አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። በኮፐንሃገን የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር የነበሩት ክርስቲያን ቦር ሳንባ እንደ ዕጢ ኦክስጅንን በራሱ ኃይል ወደ ደም ያስገባል ብለው ያምኑ ነበር። ረዳታቸው የነበሩት አውጉስት ክሮግ ግን ሐኪም ከሆኑት ባለቤታቸው ከማሪ ክሮግ ጋር በመሆን፣ በደቃቅ የአየር አረፋ አማካይነት በደም ውስጥ ያለውን የጋዝ ግፊት ለኩ። የኦክስጅን ግፊት ምንጊዜም ከደሙ ይልቅ በሳንባው አየር ውስጥ ከፍ ብሎ ተገኘ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1910 አሳተሙ፤ ስርገት ብቻውን በቂ መሆኑም ተረጋገጠ። መምህርን በአደባባይ መቃወም ቀላል አልነበረም፤ ልኬቱ ግን ሌላ አማራጭ አልሰጣቸውም።

ክሮግ ቀጥለው ጡንቻ ሲሠራ ተጨማሪ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደሚከፈቱና ኦክስጅን እስከ ሕዋሱ የሚጓዘው ርቀት እንደሚያጥር አስረዱ። ለዚህም ሥራቸው የ1920ን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ ታሪክ ዛሬም ከአልጋው አጠገብ ይገኛል። በጤነኛ ሳንባ አየርን ከደም የሚለየው ግድግዳ ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ነው። ሳንባ ውኃ ሲቋጥር ርቀቱ ይረዝማል፤ የአየር ከረጢቶች ሲፈርሱ ደግሞ ገጹ ይጠባል። ለሕመምተኛው ኦክስጅን ስንሰጥ የግፊቱን ልዩነት እናሳድጋለን፤ ውኃውን ስናስወግድ ርቀቱን እናሳጥራለን። ስለሆነም አንዱ ሌላውን እንደማይተካ መዘንጋት አይገባም።