ይሠራ ወይስ ይለወጥ? የተሰበረ ስክሪን የ30 ዓመት ታሪክ

የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ሦስት ሳምንት የቀራት ተማሪ ላፕቶፗን ታቅፋ ወደ ጥገና ሱቅ ትገባለች። ማታ የቻርጀሩ ገመድ እግሯን ጠልፏት ላፕቶፑ ከጠረጴዛ ወድቋል። ሲከፈት ድምፁ ይሰማል፣ መብራቱም ይበራል። ስክሪኑ ግን ግማሹ ጥቁር ነው፣ ግማሹ ደግሞ ባለ ቀለም መስመር ብቻ። ሠሪው ገልበጥ አድርጎ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

"እህቴ፣ ስክሪኑ ሄዷል።"

"ይሠራል ወንድሜ?"

"መሥራቱንስ ይሠራል። ግን የዚህ ስክሪን ለብቻው አይገኝም፤ ከነክዳኑ ነው የሚቀየረው። በዚያ ዋጋ ላይ ትንሽ ብትጨምሪ ያገለገለ ላፕቶፕ ትገዣለሽ።"

እንዲህ ያለ ንግግር በአዲስ አበባ የጥገና ሱቆች አዲስ አይደለም። ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ሂሳብ ያየዋል፤ የጥገናውን ዋጋ በአንድ በኩል፣ የሌላ ላፕቶፕ ዋጋ በሌላ በኩል አድርጎ ይመዝናል። ነገር ግን "ከነክዳኑ" የምትለዋ አንዲት ቃል የ30 ዓመት ታሪክ አላት። ተማሪዋ ሱቅ ከመግባቷ ከብዙ ዓመታት በፊት ፋብሪካዎች፣ የቀረጥ መሥሪያ ቤቶች፣ ፍርድ ቤቶችና ምክር ቤቶች መልሱን ሲወስኑላት ኖረዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ስክሪን ወርቅ በነበረበት ዘመን

በጥቅምት 1992 አይቢኤም ቲንክፓድ 700ሲ የተባለውን ላፕቶፕ ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 4,350 ዶላር ነበር። ሰውን ያስደነቀው ባለ 10.4 ኢንቹ ባለ ቀለም ስክሪን ነው። ስክሪኑ የተሠራው አይቢኤምና ቶሺባ በ1989 ጃፓን ውስጥ በጋራ ባቋቋሙት ኩባንያ ነበር። በዚያ መስታወት ላይ ከ900 ሺህ በላይ ጥቃቅን ትራንዚስተሮች ይደረደራሉ። ከመካከላቸው የተበላሹት ከበዙ ስክሪኑ ከፋብሪካ ሳይወጣ ይጣላል። በዚህም ምክንያት ከላፕቶፑ አካላት ሁሉ ውዱ ስክሪኑ ነበር።

ውድነቱ ፖለቲካም ሆነ። በ1991 የአሜሪካ መንግሥት የአገር ውስጥ ስክሪን አምራቾችን አቤቱታ ተቀብሎ፣ ከጃፓን በሚገባው በዚህ ዓይነት ስክሪን ላይ 62.67 በመቶ ቀረጥ ጣለ። ቀረጡ ለብቻው በሚገባ ስክሪን ላይ እንጂ ስክሪኑ ተገጥሞለት በሚገባ ሙሉ ላፕቶፕ ላይ አልነበረም። የኮምፒውተር ኩባንያዎቹ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። የላፕቶፕ መገጣጠሚያቸውን ከአሜሪካ አውጥተው ወደ ሌላ አገር ወሰዱ። አገር በቀል ፋብሪካን ሊጠብቅ የወጣ ቀረጥ የራሱን አገር ፋብሪካ አስወጣ። በ1993 ተነሳ።

ከዚህ ታሪክ መያዝ ያለበት ነገር አለ። አንድ ክፍል ለብቻው ሲገዛ ከሙሉው ዕቃ ይልቅ የሚወደድበት ምክንያት ሁልጊዜ ቴክኒክ አይደለም። አንዳንዴ ሰው የጻፈው ደንብ ነው። ሰው የጻፈውን ደግሞ ሰው ይሰርዘዋል።

በዚያ ዘመን "ልጣለው ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። 4,350 ዶላር የወጣበት ዕቃ አይጣልም። አምራቹም ያንን ያውቅ ነበር። ቲንክፓድ እያንዳንዱ ብሎን የት እንደሚገባ፣ እያንዳንዱ መለዋወጫ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ የሚናገር የጥገና መጽሐፍ ነበረው። ካቻቢቴ የያዘ ሰው ያንን እያነበበ ስክሪኑን ያወርዳል።

የሆቴሉ ስብሰባ

በ1990ዎቹ አጋማሽ ደቡብ ኮሪያ፣ በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ደግሞ ታይዋን ወደ ስክሪን ማምረት ገቡ። ዋጋው ወረደ። አምራቾቹ መውረዱን አልወደዱትም። ከ2001 እስከ 2006 ድረስ ትልልቆቹ ስክሪን አምራቾች በታይዋን ሆቴሎች እየተገናኙ ዋጋ ይነጋገሩ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን በኋላ እንዳረጋገጠው 60 ያህል ስብሰባ ተደርጓል። ተሰብሳቢዎቹ ራሳቸው "የክሪስታል ስብሰባ" ይሉት ነበር።

ምሥጢሩ ወጣ። በ2008 ኤልጂ፣ ሻርፕና የታይዋኑ ቸንግዋ በአሜሪካ ጥፋታቸውን አምነው በድምሩ 585 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በ2010 የአውሮፓ ኮሚሽን በስድስት አምራቾች ላይ ወደ 649 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ። በ2012 ደግሞ የታይዋኑ ኤዩኦ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ተከራክሮ ተረታና 500 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። በእነዚያ ዓመታት ላፕቶፕ የገዛ ሰው ሁሉ፣ ስክሪን ያስቀየረም ጭምር፣ ስለ ስብሰባው ሳያውቅ ሂሳቡን ከፍሏል።

ያም ሆኖ ያ ዘመን ለጠጋኞች ወርቃማ ዘመን ነበር። ስክሪኑን ከኋላ የሚያበራው ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ቀስ በቀስ በኤልኢዲ ተተካ፤ የሚበላሽ ነገር ቀነሰ። መሰኪያውም ባለ 30 ወይም ባለ 40 እግር ሆኖ ወጥ መልክ ያዘ። አንድ ፋብሪካ የሠራው ስክሪን ዴል ላይም፣ ኤችፒ ላይም፣ ሌኖቮ ላይም ይገጥማል። ሠሪው የፊቱን ፍሬም ነቅሎ፣ አራት ብሎን ፈትቶ፣ ከስክሪኑ ጀርባ የተለጠፈውን ቁጥር ያነባል፤ ተመሳሳዩን ያመጣል፤ በግማሽ ሰዓት ይገጥማል። ዛሬም በየቢሮው ያሉት ወፈር ያሉ ላፕቶፖች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው።

ብሎኑ በሙጫ ሲተካ

በ2003 በካሊፎርኒያ ካይል ዊንስ የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተበላሸ የአፕል ላፕቶፑን ራሱ ሊሠራ ፈለገ። የጥገና መመሪያ ቢፈልግ አጣ። ፈታታው፣ ታገለው፣ በመጨረሻም ሠራው። ከጓደኛው ሉክ ሱልስ ጋር ሆኖ መመሪያዎችን እየጻፈ በነጻ የሚያወጣ፣ መለዋወጫ እየሸጠ የሚተዳደር አይፊክስኢት የተባለ ድርጅት አቋቋመ።

በሰኔ 2012 አፕል ባለ ሬቲና ስክሪኑን ማክቡክ ፕሮ አወጣ። ቀጭን ነው፣ ያምራል። አይፊክስኢት ፈትቶ ሲያየው ባትሪው በሙጫ ተጣብቋል፣ ሜሞሪው ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዷል፣ ስክሪኑ ደግሞ ከክዳኑ ጋር አንድ አካል ሆኗል። ለጥገና አመቺነት ከ10 የሰጠው 1 ነበር። በዚያው ዓመት ቶሺባ የላፕቶፖቹን የጥገና መመሪያ በነጻ ያሰራጭ የነበረን አንድ አውስትራሊያዊ ቴክኒሻን በቅጂ መብት ስም አስጠንቅቆ መመሪያዎቹን አስወረደ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ኩባንያ ክዳኑን ሲያጣብቅ ሌላው መጽሐፉን ዘጋ።

ለእውነት ያህል፣ አምራቾቹም መልስ አላቸው። ገዢው ቀላልና ስስ ዕቃ ይፈልጋል፤ ብሎንና ፍሬም ቦታ ይይዛል፤ መስታወትና ስክሪን ሲጣበቁ ምስሉ ይጠራል። ይህ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ገዢው ስስነቱን በሱቅ መስኮት ያያል፤ ሙጫውን የሚያየው ዕቃው የወደቀ ቀን ነው። የተጣበቀው ዕቃ ሲሰበር ወጪው የአምራቹ ሳይሆን የገዢው ነው። "ከነክዳኑ" የተወለደችው እዚህ ላይ ነው።

ሕግ ሲደርስ

መልሱ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። በ2012 የማሳቹሴትስ ግዛት መራጮች የመኪና አምራቾች የጥገና መረጃ ለማንኛውም ጋራዥ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ አጸደቁ። ጥያቄው ከመኪና ወደ ኤሌክትሮኒክስ ተሻገረ። ከጥር 2021 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው ከዋጋው አጠገብ ለጥገና ያለውን አመቺነት ከ10 ነጥብ ሰጥቶ መለጠፍ ግዴታው ሆነ። በዚያው ዓመት ፍሬምወርክ የተባለ አዲስ ኩባንያ የስክሪኑ ፍሬም በማግኔት የሚያዝ፣ ባለቤቱ ራሱ በካቻቢቴ የሚቀይረው ላፕቶፕ ሸጠ። ስስ ሆኖም መጠገን እንደሚቻል በተግባር ታየ።

ታኅሣሥ 2022 ላይ የኒውዮርክ ገዢ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሕግ ፈረሙ። ነገር ግን በመጨረሻ ሰዓት የገባ ማሻሻያ ነበረው፤ አምራቹ የደኅንነት ሥጋት አለ ካለ ነጠላ ክፍሉን ትቶ የተገጣጠመውን በሙሉ መሸጥ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 አምራቾች እንዲጠግኑ የሚያስገድድ መመሪያ አጸደቀ። የልብስ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣ፣ ስልክና ታብሌት ተዘረዘሩ። ላፕቶፕ ግን በመጀመሪያው ዝርዝር አልገባም።

ቆራሌው የማይጠራው ዕቃ

ኢትዮጵያ መጠገንን ከማንም አልተማረችም። ምናለሽ ተራ በርሜሉን ምድጃ ያደርገዋል፤ ሱማሌ ተራ ያለቀለትን መኪና ፈታትቶ ለሌላው ዕድሜ ይቀጥልበታል። "ቆራሌው!" እና "ልዋጭ!" የሚሉ ድምፆች የከተማዋ የዘወትር ዜማ ናቸው። ላፕቶፕ ሠሪዎቹም የዚህ ልጆች ናቸው። ከሞተ ላፕቶፕ ስክሪን ነቅለው ለሌላው ነፍስ ይዘሩበታል።

አገሪቱ በጥሩ ሁኔታ የታሰበበት ላፕቶፕም አይታለች። በ2008 በጀርመን ትብብር በሺዎች የሚቆጠሩ አረንጓዴና ነጭ ኤክስኦ ላፕቶፖች ለትምህርት ቤቶች ተሰጥተው ነበር። ለሕፃናት የተሠራ በመሆኑ በአንድ ካቻቢቴ እንዲፈታ ታስቦ ነበር፤ መለዋወጫ ብሎኖች እጀታው ውስጥ ተቀምጠዋል። ዕቃው ሲሠራ "አንድ ቀን ይሰበራል" ብሎ ያሰበ ሰው ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ከዱባይ በሻንጣ፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ በዘመድ እጅ የሚገባው ስስ ላፕቶፕ ግን ሌላ ነው። የሠሪው እጅ ብልህ ቢሆንም ሙጫውን በብልሃት ብቻ አያሸንፈውም። በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ምንዛሪው አዲሱንም ላፕቶፕ መለዋወጫ ስክሪኑንም አብሮ ስላስወደደ "ይለወጥ" የሚለው መልስ ለብዙ ቤተሰብ የማይደረስበት ሆነ። በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425 ስሙ እንደሚለው ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ነው። ስለ ሬሳው ታስቧል፤ ስለ ሕመምተኛው ገና ነው።

ሬሳውም ቀላል አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት እንደሚለው በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው።

ታዲያ ተማሪዋ ምን ታድርግ?

ታሪኩ የሚሰጣት መልስ አለ። መጀመሪያ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት። ምስሉ በትክክል ከመጣ የተጎዳው ስክሪኑ ወይም ገመዱ ነው፤ ጽሑፏም አለ፤ ወዲያው ወደ ፍላሽ ትገልብጠው። ሁለተኛ፣ ሠሪው ክዳኑን ከፍቶ የስክሪኑን ቁጥር እንዲያሳያት መጠየቅ። ቁጥር ያለው፣ በብሎን ወይም በሚላቀቅ ማጣበቂያ የተያዘ ስክሪን ከሆነ፣ ባትሪውና ማጠፊያው ደህና ከሆኑ፣ ማሠራት ነው። የማያውቁትን ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት ብሎ የሚያውቁትን ጥሎ መሄድ ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል፤ የሌላው ሰው ባትሪና ማዘርቦርድ ምን እንዳሳለፈ ማንም አይናገርም።

በእርግጥ የተጣበቀ ከሆነና ዋጋው የላፕቶፑን ግማሽ ካለፈ መለወጡ ያስኬዳል። በዚያን ጊዜም ሦስተኛ መንገድ አለ። ያገለገለ ሞኒተር ገዝቶ ላፕቶፑን እንደ ጠረጴዛ ኮምፒውተር መጠቀም። ሦስት ሳምንት ለቀራት ተማሪ ይህ ከሁለቱም ሊሻል ይችላል።

ትልቁ ውሳኔ ግን የሚወሰነው ዕቃው በተሰበረ ቀን አይደለም፤ በተገዛ ቀን ነው። ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ስለ ሜሞሪውና ስለ ፍጥነቱ ከጠየቀ በኋላ "ስክሪኑ ቢሰበር ለብቻው ይቀየራል?" ብሎ ይጨምር። ለመሥሪያ ቤትና ለዩኒቨርሲቲ በመቶዎች የሚገዙ የግዢ ክፍሎችም ይህንን አንድ መስመር በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ይጻፉ። ፈረንሳይ በሕግ ያስገደደችው ይህንኑ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ሲጠይቅ ሻጩ ትከሻውን ይነቀንቃል፤ ሁሉም ሲጠይቅ አስመጪው ሌላ ዕቃ ያመጣል።