ፍላሽ ሲቀበር ምን ተረፈ?

በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) «ዘመናዊ» የሚባል ድረ ገጽ ሲከፈት አርማው ይሽከረከራል፣ ሙዚቃ ይለቀቃል፤ ጥግ ላይ «መግቢያውን ዝለል» የምትል ቁልፍ ትታያለች። ፋሽኑ ፍላሽ ነበር። በስልክ መስመር ለሚገናኝ ሰው ግን ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ መጠበቅ ነው።

ፍላሽ በ1996 ሲወለድ ፊውቸርስፕላሽ ይባል ነበር። ማክሮሚዲያ ገዛው፤ ማክሮሚዲያን ደግሞ በ2005 አዶቤ ጠቀለለው። በ2007 የወጣው አይፎን ግን በሩን ዘጋበት። ስቲቭ ጆብስ በ2010 በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ባትሪ ይጨርሳል፣ ለደህንነት ያሰጋል፣ ለጣት ንክኪ አልተሠራም ሲል ወረፈው። በ2020 መጨረሻ አዶቤ ራሱ ቀበረው። በፍላሽ ብቻ የተሠሩ ገጾችም አብረው ሄዱ።

የእኛስ ፊደል? ብዙ የአማርኛ ገጾች ጽሑፋቸውን በሥዕል ይለጥፉ ነበር፤ ለፋሽን ሳይሆን የአንባቢው ኮምፒውተር ፊደሉን ስለማያውቀው። ሥዕሉ ያምራል፣ በፍለጋ ግን አይገኝም። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። እንደ ጽሑፍ የተጻፈ አማርኛ ዛሬም ይፈለጋል፣ ይገለበጣል፣ በስልክ ይነበባል።

ታዲያ ፋሽን አንከተል? እንከተል እንጂ! ቀለሙም ቅርጹም ይቀያየር። ጽሑፉን ግን እንደ ጽሑፍ እናስቀምጠው፤ የዘንድሮው ጌጥ ለከርሞ ቢያስቅብን እንኳ ቃላችን ይተርፋል።