ከወረታ የመጡት እናት እንዝርት

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡ ሴቶች ቀይና ቢጫ የተነከረ የበግ ፀጉር በእንዝርት ይፈትላሉ። አዲስ መጤዎች አይተው «ከአገር ቤት የመጣ ልማድ ነው» ብለው ያልፋሉ። ይህን የሚጽፈው የሐሙሲት ሰው ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ያረጀ ነውና ሌላ ያስታውሳል።

ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ የላምና የሩዝ አገር ነው፤ ሴቱ የሚፈትለው ጥጥ ነበር። ከበግ ፀጉር የሚሠሩት ባና እና በርኖስ የደጋው ሥራ ናቸው፣ በተለይ የመንዝ። መልኩም በጉ የተፈጠረበት ነው፤ ጥቁር፣ ቡኒ፣ ነጭ። ቀለም መንከሩ የመጣው ሜሪላንድ ላይ ነው።

የስደቱን ዘመን ሌሎች ጽፈውታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ለብዙ ኢትዮጵያዊ በር ከፈተ። የሜሪላንድ የበግና የሱፍ ፌስቲቫል ደግሞ በየዓመቱ በሜይ መጀመሪያ ዌስት ፍሬንድሺፕ ላይ ይደረጋል። ሁለቱን ያገናኙት ከወረታ የመጡ አንዲት እናት ናቸው።

የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ እንዝርት ነበር። የሚፈተል ጥጥ ግን ጠፋ፤ ከፋርማሲ የተገዛው ገና ሲሳብ ይበጠሳል። የልጃቸው የሥራ ባልደረባ ስለ ፌስቲቫሉ ነገረቻቸውና ሄዱ። እዚያ ሌስተር ሎንግዉል የሚባለውን ብርቅዬ በግ አዩ፤ ፀጉሩ ረጅም፣ እንደ ሐር የሚያብረቀርቅ። ይህ ዘር ከአሜሪካ ጠፍቶ ኖሮ በ1990 ኮሎኒያል ዊልያምስበርግ ከታዝማኒያ መልሶ ያስመጣው ነው። እናታችን አንድ ጭብጥ አንስተው በጣታቸው ሳብ አደረጉት።

«ይሄስ ይፈተላል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው መከራ ነው። ቅባቱ እንዲለቅ በሙቅ ውሃ ያጠቡትን ፀጉር ቀዝቃዛ ቧንቧ ሥር ሲያሹት እርስ በርሱ ተጣብቆ ቀረ። በሽንኩርት ልጣጭና አሉም በሚባለው ማዕድን ጥሩ ቢጫ አወጡ፤ የእርዱ ቢጫ ግን ፀሐይ አልቻለም። ቀዩን በሱፍ ቀለምና በኮምጣጤ አፈሉት፤ ያ ቀለም ጥጥ ላይ አይዝም፣ የበግ ፀጉር ላይ ግን ጠልቆ ይገባል። የሕንፃው ኃላፊ ስለ ሽታው ደብዳቤ ጻፈባቸው። ያገራቸው ሰው ሳቀ፤ ይበልጥም የሳቀው አንድ የደብረ ታቦር ጎልማሳ አብሯቸው መፍተል ሲጀምር ነው። የሳቁት አውራምባን ረስተዋል። ዙምራ ኑሩ በመሠረቷት በዚያች የፎገራ መንደር ወንድ ይፈትላል፣ ሴትም ትሸምናለች።

ዛሬ ጠቡ ሥራውን ማን ጀመረው የሚል ነው። ከመንዝ የመጡት «እኛ ባና ስንሠራ እናንተ ከጥጥ ሌላ አታውቁም ነበር» ይላሉ። ስለ ባናው እውነታቸውን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ግን የመጀመሪያውን ቀለም የነከሩት፣ የመጀመሪያዎቹን ሴቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ያስተማሩት የወረታዋ እናት ናቸው። በ2019 ላይቭስቶክ ኮንሰርቫንሲ የተባለው ድርጅት የብርቅዬ በጎችን ሱፍ የሚፈትሉ ሰዎችን የሚያበረታታ መርሐ ግብር ሲከፍት፣ ከእኛ ወጣቶች የገቡበት ሁሉ እንዝርት አያያዝ የተማሩት ከእሳቸው ተማሪዎች ነው። የቅዳሜው የፈታዮች ቡድን ባዘጋጀው የመሥራቾች ዝርዝር ላይ የእናታችን ስም አልተጻፈም፤ እንዲጻፍ የቀረበው ጥያቄም እስካሁን መልስ አላገኘም።