ፊትን የማጥበቅ ቀዶ ሕክምና ለስንት ጊዜ ይቆያል?

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ ነው፤ መልሱ ታሪኩ ውስጥ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1901 ገደማ በርሊን ውስጥ ዶ/ር ኦይገን ሆለንደር ከጆሮ አካባቢ ትርፍ ቆዳ ቆርጠው ሰፉ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሐኪሞች በአብዛኛው የሚስቡት ቆዳን ብቻ ነበር። ቆዳ ግን ይለጠጣል፤ ፊቱ ቶሎ ይረግባል፣ ጠባሳውም ይሰፋል።

በ1970ዎቹ ስዊድናዊው ቶርድ ስኩግ ከቆዳ ሥር ያለውን ሽፋን አብረው አነሡ። በ1976 ሚትስ እና ፔይሮኒ የተባሉ ሐኪሞች የሽፋኑን አሠራር በዝርዝር ጻፉ። የዛሬው ሕክምና የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ውጤቱ ለዓመታት ይቆያል፣ እርጅናን ግን አያቆምም።

ከሽፋኑ ሥር የፊት ነርቭ ያልፋል። ስለዚህ ሐኪምዎን «የሚያነሡት የቱን ሽፋን ነው? ስንት ጊዜ ሠርተዋል?» ብለው ይጠይቁ። ሲጋራ የሚያጨሱ ወይም የደም ግፊት ያለብዎት ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ፤ ሲጋራ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል፣ ግፊት ደግሞ ከቆዳ ሥር ደም ሊያጠራቅም ይችላል።