በወለጋ ደጃፎች የተጻፈው እንግሊዝኛ

በግንቦት 1902 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የድንበር ውል ሲፈራረሙ፣ በባሮ ወንዝ ዳርቻ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ ፈቀዱ። ጋምቤላ ያደገችው ከዚህ ውል ነው። የምዕራቡ ቡና በሸክምና በጋማ ከብት ወርዶ፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። አዲስ አበባ በጂቡቲ ባቡር «ቢሮ»ንና «ለገሃር»ን ከፈረንሳይኛ ስትቀበል፣ ወለጋ በጀርባዋ ወደ እንግሊዝኛ የሚወስድ የራሷ በር ነበራት።

በዚያው በር በ1919 አሜሪካዊው የፕሬስቢቴሪያን ሐኪም ቶማስ ላምቢ በሱዳን አድርጎ ሰዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ገባ። በወንዙ ዳር የእንግሊዝ ሹም፣ በተራራው ላይ የአሜሪካ ሐኪም ነበሩ ማለት ነው። ሁለቱ አገሮች ደግሞ በአንድ ቋንቋ እየተናገሩ በሕንፃ ውስጥ የሚለያዩበት ነገር አለ። እንግሊዙ የካፖርትና የጓዝ ማስቀመጫውን «ክሎክሩም» ይላል፤ ውሎ አድሮም ይኸው ቃል የመጸዳጃ ቤት የጨዋ ስም ሆኖለታል። አሜሪካዊው ካፖርቱን «ኮት ቼክ» አስረክቦ ወደ «ሬስትሩም» ይሄዳል። አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ነፃ ከወጣች በኋላ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ የህንድ መምህራንና ከመስከረም 1962 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች በየክፍለ ሀገሩ ስላስተማሩ፣ ተማሪው የሁለቱንም ወገን እንግሊዝኛ ሰማ።

ይሁንና የካፖርት ማስቀመጫው ስም በየትኛውም አጠራር አልተተከለም። ምክንያቱን በልብስ ሥርዓታችን ውስጥ አገኘዋለሁ። በአገራችን እንግዳ መደረቢያውን ደጅ ላይ አያስረክብም። በታላቅ ሰው ፊት የቆመ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያደገድጋል፤ ሐዘንተኛውም፣ ሹሙም፣ አቤት ባዩም በአለባበሱ ይለያል። ልብሱን የተቀማ እንግዳ አክብሮቱን የሚገልጽበትን አጣ ማለት ነው። ግምጃ ቤትማ ነበረ፤ ግን የባለቤቱ ሀብት እንጂ የእንግዳ ልብስ አይቀመጥበትም። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ዝናባማዋ ነቀምቴ እንኳ ካፖርት የለበሰ ሰው ከነካፖርቱ ገብቶ ይቀመጣል።

መጸዳጃው ግን ሌላ ነው። ሜዳ መውጣት ለለመደ ሕዝብ ክፍሉ ራሱ አዲስ ነበር፤ ከትምህርት ቤት፣ ከሆስፒታልና ከሆቴል ጋር ሲመጣ ስም ግድ ሆነ። አማርኛው «ሽንት ቤት» ብሎ፣ ለጨዋነት «መጸዳጃ ቤት»ን ጨመረ፤ ኦሮምኛው «ማነ ፊንጫኒ» አለ። «ቶይሌት» እና «ደብሊው ሲ» በላያቸው ተጻፉ።

የኦሮምኛ የጽሕፈት ታሪክ ግን ከእነዚህ የበር ጽሑፎች ይቀድማል። ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ በ1899 ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል ነበር፤ እሱም በ1904 ወለጋ ገብቶ፣ ኋላ በነቀምቴ አስተምሮ በ1931 አረፈ። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛው በላቲን ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ በአንድ የሕዝብ መገልገያ በር ላይ የተደራረበ ቀለም የአገዛዝን፣ የትምህርትንና የንግድን መንገድ ሁሉ ይዟል።

በወለጋ ያላችሁ የትምህርት ቤትና የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ አሮጌዎቹን የበር ጽሑፎች ከማስቀባታችሁ በፊት ፎቶ አንሱልን፤ ቦታውንና ቀኑንም ከጀርባው ጻፉበት።